ቀማሽ ነኝ ለሚል ወጣት

በ2014 ዓ.ም.፥ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለገናና ለጥምቀት ወደ አገራቸው እንዲመጡ በተጠሩበት ዓመት፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት ማንኩሳ ከአንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ዕለቱ ጌታ ውሃውን ወደ ወይን የለወጠበት መታሰቢያ ስለ ሆነ፥ ስለ መጠጥ ለመቆጣት ለሚፈልግ ሰው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የማይመች ቀን ነው፤ እኔም ለመቆጣት አልሄድሁም። ጠላው በጣሳ፥ አረቄው በመለኪያ ይዞራል። ሽማግሎቹ በአንድ ወገን፥ ወጣቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠናል።

የባለቤቱ የወንድም ልጅ በዚያው ጥሪ ከአውሮፓ የመጣ ነበረ። ምሳው ከተነሣ በኋላ ይህ ወጣት አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ፥ ቀዳዳው የበዛ ማንኪያና ጥቂት የስኳር እንክብሎች አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ቀዝቃዛ ውሃም አስመጣ። መጠጡ አብሳንት የሚባለው ነው። ሰባት የሚሆኑ ወጣቶች ከበቡት፤ ከነርሱም ሁለቱ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ወጣቱ መልካም አስተማሪ መሆኑን መመስከር አለብኝ። ከምን ከምን ተክል እንደሚሠራ፥ እንዴት እንደሚነጠር፥ ስኳሩ በማንኪያው ላይ ተቀምጦ ውሃው ጠብ ጠብ ሲልበት መጠጡ ስለ ምን እንደ ወተት እንደሚነጣ በቅደም ተከተል አስረዳ። ታላላቅ ባለቅኔዎችና ሠዓሊዎች የጠጡት መሆኑንም ጨመረበት። በመጨረሻም፥ «መቅመስ ማለት መማር ነው፤ ያልቀመሰ ሰው ስለ መጠጥ የሚናገርበት አፍ የለውም» አለ። ይህን ሲል ዓይኑን ወደ እኔ ሸርተት ማድረጉን አይቻለሁ።

ከሁለቱ ተማሪዎች አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ ይኸ መጠጥ ያሳብዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ቶሎ አልመለስሁለትም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ሳልጠየቅ መልሼው ነበርና፤ የመለስሁትም በውሸት ነበርና።

እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ስለ አስካሪ መጠጥ በየሳምንቱ የሚያስተምሩን አንድ መምህር ነበሩ። ቅን ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ልጅን ከክፉ ነገር ማራቅ የሚቻለው በማስፈራራት ብቻ ይመስላቸው ነበር። በአውሮፓ ከመራራ ተክል የሚወጣ አረንጓዴ መጠጥ እንደ ነበረ፥ አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው አእምሮው እንደሚታወክ፥ ሚስቱንና ልጆቹን እንደሚፈጅ ይነግሩን ነበር። እኔም ሳድግ መምህር ሆንሁና ትምህርቱን እንደ ተቀበልሁት አስተላለፍሁት። አብሳንትን የጎጃም ገበሬ ልጅ ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ በአረቄ ተካሁት። «አንድ መለኪያ አረቄ የቀመሰ ልጅ ያብዳል፤ አእምሮውም ከዚያ ወዲያ ትምህርት አይቀበልም» እያልሁ በየክፍሉ እናገር ነበር። እውነት አለመሆኑን አውቃለሁ። ዳሩ ግን ለልጅ ጥቅም የተነገረ ውሸት እንደ ውሸት አይቆጠርም ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር።

በክፍሌ ውስጥ በሒሳብ የሚስተካከለው የሌለ አንድ ልጅ ነበረ። ቅዳሜ በተደረገ ሠርግ አጎቱ አንድ መለኪያ አስጨበጠው። ሰኞ ፈተንኋቸው፤ እርሱም እንደ ልማዱ ከሁሉ በለጠ። በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ፥ «ይኸው ጠጣሁ፤ አብጃለሁን?» እያለ ሲያስቃቸው በመስኮት ሰማሁት። ጠርቼ እውነቱን ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መጠጥ ባነሣሁ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ፈገግታ ይታየኝ ነበር። ፈገግታውም ወደ ሌላው ትምህርቴ ሁሉ ተሻገረ፤ አንድ ጊዜ ውሸታም ሆኖ የተገኘ መምህር የነገረውን እውነት ማን ይቀበለዋል?

ከ15 ዓመት በኋላ ይህ ልጅ ታመመ ሲሉኝ ልጠይቀው ሄድሁ። ሥራ ይዞ፥ ትዳር መሥርቶ ነበር። አረቄውንም ይዞት ነበር፤ ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ፥ ማታ ሦስትና አራት። ሰክሮ የሚወድቅ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤትም «ጠጪ» ብሎ አይጠራውም። ሳየው ሆዱ ተነፍቶ፥ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፥ ክንዱ እንደ መቃ ቀጥኖ ነበር። ሐኪሞቹ ጉበቱ ከመጠጥ የተነሣ ጠጥሯል ብለውታል። አጠገቡ እንደ ተቀመጥሁ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፥ አንድ መለኪያ ያሳብዳል ብለውኝ ነበር፤ አላሳበደኝም። ቀስ ብሎ እንደሚገድል ግን አልነገሩኝም።»

በዚያው ዓመት፥ ፋሲካ ሳይደርስ ቀበርነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ለዚያ ልጅ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ለአንተ እነግርሃለሁ። በመጀመሪያ ከአብሳንት ልነሣ፤ የእርሱ ታሪክ ለእኛም መስተዋት ነውና። የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር አደርገዋለሁ።

አብሳንት የሚሠራበት ዋናው ተክል እኛ አሪቲና ጭቁኝ ከምንላቸው ወገን ነው። በየጓሮአችን የሚበቅለውን፥ በበዓል ቀን እናቶቻችን ከጠጅ ሣር ጋራ የሚጎዘጉዙትን አሪቲ ያሸተተ ሰው የአብሳንትን መዓዛ ግማሹን ያውቀዋል። ይህን መራራ ተክል ከአኒስና ከእንስላል መሰል ቅመም ጋራ በአልኮል ዘፍዝፈው ያነጥሩታል። ነገሩ የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስዊስ አገር፥ ኩቬ በምትባል መንደር አካባቢ ሲሆን፥ በመጀመሪያ ሲሸጥ የነበረውም ለሆድ ሕመም መድኃኒት ተብሎ ነው። በ1805 ፔርኖ የተባለው ቤተ ሰብ በፈረንሳይ በፖንታርሊዬ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። ከ1830 ጀምሮ የፈረንሳይ ጦር አልጄርያን ሲወር ወታደሩ ከንዳድ እንዲጠበቅበት ታደለው፤ ወታደሩም ወደ አገሩ ሲመለስ ንዳዱን ትቶ ጣዕሙን ይዞ ተመለሰ። ከ1860ዎቹ ወዲህ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን ተክል ሥሩን እየበላች አጠፋችው። የወይን ጠጅ ሲወደድ በርካሽ አልኮል የሚሠራው አብሳንት የድሃው መጠጥ ሆነ።

እዚህ ላይ ባለቅኔዎቹ ይመጣሉ። የኛ ወጣቶች አርቱር ራምቦን በሐረር በስሙ ከሚጠራው ቤት የተነሣ ያውቁታል። ወደ ሐረር የመጣው በ1880 ለንግድ ነው፤ ግጥም መጻፍን ግን ከዚያ አስቀድሞ፥ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ትቶት ነበር። በፓሪስ ከወዳጁ ከቬርሌን ጋራ አብሳንት ይጠጡ እንደ ነበረ እውነት ነው። በሐምሌ 10 ቀን 1873 በብሩክሴል ከተማ ቬርሌን ሰክሮ ራምቦን በሽጉጥ አንጓውን መታው፤ እርሱም ታሰረ። ከዚያም እየጠጣ ኖሮ በ51 ዓመቱ በድህነት ሞተ። እነዚህ ሰዎች ባለቅኔ የሆኑት ስለ ጠጡ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ዘመን ከነርሱ ጋራ በየቡና ቤቱ ይጠጡ ከነበሩት አያሌ ሰዎች ስንት ባለቅኔ በወጣ ነበር! ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው መንገድ ዳርም በየአረቄ ቤቱ ስንት ቅኔ ዘራፊ ባገኘን ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በነሐሴ 28 ቀን 1905 በስዊስ አገር ኮሙኚ በምትባል መንደር ዣን ላንፍሬ የተባለ ሰው እርጉዝ ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን በጠመንጃ ገደለ። ያን ዕለት ሁለት ብርጭቆ አብሳንት ጠጥቶ ነበር። የሚስዮን መምህሬ የነገሩን ታሪክ ይኸው ነው። ያልነገሩን ግን አለ፤ ይኸውም ያ ሰው በዚያው ዕለት ከአብሳንቱ ሌላ ብዙ የወይን ጠጅ፥ ኮኛክና ሌላም መጠጥ መጠጣቱ ነው። ሕዝቡ ግን በሁለቱ አረንጓዴ ብርጭቆዎች ብቻ ተቆጣ። በ1908 የስዊስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አብሳንት እንዲከለከል አደረገ፤ ክልከላው በ1910 ጸና። አሜሪካ በ1912፥ ፈረንሳይ በ1915 ተከተሉ። የወይን ጠጁንስ ማን ነካው? ማንም። የወይን አትክልት ባለቤቶች ብዙዎችና ብርቱዎች ነበሩ፤ የዘመኑ ሐኪሞችም ወይንን የጤና መጠጥ ይሉት ነበር። እንዲያውም ወይን ሻጮቹ አብሳንትን ለማስከልከል ከመጠጥ ተቃዋሚዎች ጋራ አብረው ጮኹ።

ሳይንስስ ምን አለ? ማኛን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም የተክሉን ዘይት ለብቻው አውጥቶ ለእንስሳት ቢሰጣቸው ተንፈራገጡ፤ ከዚያም ጠጪውን የሚያሳብደው ይህ ነው ተባለ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ነገር ቱዮን ይባላል፤ ሲበዛ በእርግጥ መርዝ ነው። ነገር ግን ከክልከላው በፊት የተሞሉ 13 ጠርሙሶች ተገኝተው ተመርምረው በ2008 ውጤቱ ሲታተም፥ በአንድ ሊትር ውስጥ የተገኘው ቱዮን በአማካይ 25 ሚሊ ግራም ያህል ሆነ። ይህ አንድን ሰው ሊያሳብድ አይችልም፤ ቱዮኑ እስኪጎዳው ድረስ የሚጠጣ ሰው አስቀድሞ በአልኮሉ ይሞታል። ስዊስ በ2005 ክልከላዋን አነሣች፤ ፈረንሳይም በ2011 የቀረውን ሻረች። መቶ ዓመት ሙሉ ተክሉ ታስሮ አልኮሉ በነጻ ሲዘዋወር ኖረ ማለት ነው።

ይህ ተክል መረገም ቀርቶ መመስገን ይገባው ነበር ብል አልተሳሳትሁም። ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ተክል በቻይና አገር ተመርምሮ አርቴሚሲኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ወጥቶበታል፤ ያገኙት ወይዘሮ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በፍኖተ ሰላም ቆላ ወባ ሲነሣ በጤና ጣቢያው የሚሰጠን እንክብል የዚህ ዘመድ ነው። የተገኘው ግን ከአረቄ ጠርሙስ አይደለም።

እንግዲህ በፈረንጅ እንዳንስቅ ወደ ቤታችን እንመለስ። በምዕራብ ጎጃም የሚኖር ሰው ግብጦን ያውቃል። ግብጦ ክፉኛ መራራ ነው፤ ተቆልቶ ለብዙ ቀን በወራጅ ውሃ ካልተዘፈዘፈ አይበላም። በዚህ ግብጦ አረቄ ይወጣል፤ የግብጦ አረቄ ሲባል አድናቂው ብዙ ነው። በዚያው በቃና ዘገሊላ ገበታ ከሽማግሎቹ አንዱ፥ «የኛው የግብጦ ነው፤ ይኸ የደም ብዛት ያወርዳል» እያሉ መለኪያቸውን ሲያነሡ ነበር። ይህን ነገር በየቤቱ ሰምቼዋለሁ። ኮሶ የገባበት ለሆድ፥ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ለጉንፋንና ለወባ፥ ማር የገባበት ለሳል ነው ይባላል። ፈረንጆቹ ተክሉን ረገሙ፤ እኛ ተክሉን እናመሰግናለን፤ አልኮሉ ግን በነርሱም ቤት በኛም ቤት ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። ግብጦ ለደም ብዛት ይጠቅም እንደ ሆነ ግብጦውን ቆርጥመህ ብላው፤ በአገራችን ሞልቷል። አልኮል ግን የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም፤ ይህ በሕክምና የታወቀ ነው። ያን ቀን ለሽማግሌው አልነገርኋቸውም፤ በበዓል ቀን ታላቅን ማረም አይገባም ብዬ ነው። ዛሬ ስጽፈው ግን እንደ ሰበብ ይመስለኛል።

አረቄ ምንድን ነው? ድፍድፉ ከዳጉሳ ይሁን ከበቆሎ፥ ጌሾና ብቅል ገብቶበት ሲፈላ ዓይን የማያያት እርሾ ስኳሩን እየበላች አልኮል ታወጣለች። ይህች እርሾ ግን በገዛ ሥራዋ ትሞታለች፤ አልኮሉ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ሲደርስ ልትኖርበት አትችልም። ስለዚህ ጠላና ጠጅ ምንም ቢቆዩ ከዚህ እምብዛም አያልፉም። ተፈጥሮ ያጠረችውን ይህን አጥር ሰው በእሳት ጣሰው። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ግን መቶ ይፈልጋል። ድፍድፉ ከእሳት ሲጣድ እንፋሎቱ አልኮሉን ይዞ በመቃው ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ዳግመኛ ሲነጠር ዳግም ይባላል፤ ከመቶ 40 እጅ የሚያልፍም አለ። አብሳንት፥ ኮኛክ፥ ጅን፥ በየግሮሰሪው የሚሸጠው ኡዞም ቢሆን ሥራቸው ይኸው ነው፤ የሚለዩት በሽታና በቀለም ነው። የኡዞም ውሃ ሲነካው መንጣት የአብሳንቱ ዓይነት ነው፤ የአኒሱ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፥ በውሃ አይሟሟም። ምሥጢር የለበትም።

በዚህ አንቀጽ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። በክፍል ውስጥ አረቄ አውጪዎችን ስረግም፥ በፊቴ ከተቀመጡት ልጆች የስንቱ ደብተር በእናቱ አረቄ እንደ ተገዛ አላሰብሁም ነበር። በጢስ ዓይናቸው የፈሰሰ፥ በእንጨት ሸክም ወገባቸው የጎበጠ ሴቶች ከዚህ ሌላ ገበያ አላገኙም። እኔ የምከሰው እነርሱን አይደለም። ከእነርሱ ይልቅ አረቄ ውስጥ ሌላ ነገር እየቀላቀለ የሚሸጠው ነጋዴ ይከሰስ፤ ለኢንዱስትሪ የሚሆነው ሜታኖል ከመጠጥ ጋራ ሲገባ ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። አንድ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝና አረቄው ከመቶ 40 ቢሆን፥ በውስጡ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ይህ በአንድ ጠርሙስ ቢራ ካለው ይበልጣል፤ ቢራው ግን ሆድ ይሞላል፥ ጊዜም ይወስዳል፤ መለኪያው በአንድ ጉንጭ ያልቃል። ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ቡና ቢጠጡ፥ ሎሚ ቢመጡ፥ ራስን በቀዝቃዛ ውሃ ቢያጥቡ አይፋጠንም። ጠዋት አንድ ማታ አራት የሚጠጣ ሰው ጉበቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ያህል ለዚህ ሥራ ብቻ ይገዛል። ሰው ሳይሰክር፥ ሳይሰደብ፥ ከሥራው ሳይቀር ይጎዳል የምለው ስለዚህ ነው። ከ1988 ጀምሮ አልኮል ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ ተመድቧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ጉዳት የሌለበት የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል። እነዚህ ነገሮች አያስፈራሩም፤ ያብዳል እንደሚለው ያለ ድንጋጤ የላቸውም። ስለዚህ መምህራን አንወዳቸውም። ነገር ግን ልጁ ቅዳሜ ጠጥቶ ሰኞ ውሸት ሆነው አያገኛቸውም።

ወደ ቀማሹ ወጣት ቃል ልመለስ። «መቅመስ መማር ነው» ሲል ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ምላስ የምታውቀውን መጽሐፍ አያውቀውም። ነገር ግን በአገራችን የቅምሻን ሙያ በእውነት የያዙ ሰዎች አሉን። የቡና ቀማሾች በማንኪያ እየማጉ በአንድ ቀን ብዙ ሲኒ ይፈትናሉ፤ ከዚያ ምን ያደርጉታል? ይተፉታል። በየአገሩ ያሉ የወይን ቀማሾችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጣዕሙ ያለው በምላስና በአፍንጫ ነውና፤ ከጉሮሮ ወዲያ የሚማር ነገር የለም። በቀድሞው ግብርም ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምስ ነበር፤ የሚቀምሰውም ሌላው እንዳይጎዳ ነበር። እንግዲህ ቀማሽ ነኝ የሚል ሰው ይቅመስና ይትፋ። የሚውጥ ከሆነ ጠጪ ነው፤ ጠጪ መሆኑን ይናገር፥ የተማሪ ልብስ አይልበስ። ከዚህም በላይ፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የሠርግ ቤት አጎትና ከውጭ የመጣ ወንድም ግን በሽያጭ ሳይሆን በፍቅር ስለሚሰጡ ይህ አዋጅ አይደርስባቸውም።

ያን ዕለት ለተማሪው፥ «አያሳብድም» ብዬ መለስሁለት። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ፤ ሽማግሎቹ ሳይቀሩ ዞረው ተመለከቱኝ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ሊቀዳ ሲል፥ «ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብልን» አልሁት። ከመቶ 68 ነበር። ተማሪዎቹን፥ «በቤቱ መለኪያ ስንት ግራም ይሆናል? ጉበት በሰዓት 8 ግራም ቢያነሣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የአልኮልን ክብደትም ነገርኋቸው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ፥ «27 ግራም ያህል፤ ከሦስት ሰዓት በላይ» አለ። ሁለተኛው፥ «ውሃው ሲጨመርበትስ?» ብሎ ጠየቀ። «ውሃው ያነጣዋል እንጂ አልኮሉን አያወጣውም» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ባዶ ጣሳ አስመጣሁና፥ «የምትማሩ ከሆነ እየቀመሳችሁ እዚህ ትፉት» አልሁ። ሽማግሎቹ ይህን አልወደዱትም፤ በበዓል ቀን መጠጥ መትፋት ለባለቤቱ ስድብ ነው ብለው አጉረመረሙ፤ እውነትም ነበራቸው። ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ በምላሱ ነክቶ ተፋና ፊቱን አጨማዶ፥ «አሪቲ አሪቲ ይላል» አለ። ሌላው አልቀመሰም። ከቀሩት መካከል ሦስቱ ተፉ፤ ሁለቱ እየሳቁ ዋጡት።

ባለጠርሙሱ ወጣት ግን የራሱን ጠጥቶ ሁለተኛ ቀዳ፤ ያንንም ጠጣ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነበር። በአሥር ሰዓት ያጎቱን መኪና ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ቀጠሮ እንደ ነበረው ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ያ ስልክ የያዘው ተማሪ ቀደመኝ፤ «ሁለት መለኪያ 54 ግራም ነው፤ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አያልቅም» አለ። በድፍረት አልተናገረውም፤ ሒሳብ እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገረው።

ወጣቱ ጥቂት ሳቀ፤ ከዚያም ዝም አለ። አጎቱ እጁን ዘረጋና የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ከኪሱ ከተተው። አልጋ ተነጠፈለት፤ በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ በልቶ ሄደ።